የነፋስ መቃብር

ውድ ጋሼ ሂየን፣

ወረቀቱ ላይ ያለው ቀይ ነገር ደም አይደለም፤ እንዳትደነግጥ። ጭቃ ነው። እጄን ሦስት ጊዜ በሳሙና ታጠብኩ፣ ከጥፍሬ ሥር አልወጣ አለኝ። አንተ ይህን ጭቃ ታውቀዋለህ። እኔ ግን ገና ትናንት ነው ያወቅኩት፤ ከሃምሳ ዓመት በኋላ!

ይህን ደብዳቤ ስጀምረው አራተኛ ጊዜዬ ነው። ሁለት መስመር እጽፍና እነሳለሁ። ውሃ እቀዳለሁ፣ ዶሮዎቹን አባርራለሁ፣ ለሙታን ዕጣን በምናጨስበት የአባቶች ጠረጴዛ ላይ ያስቀመጥኩትን ነገር አየት አድርጌ ተመልሼ እቀመጣለሁ። ከምዕራብ የሚመጣው ትኩስ ነፋስ ዘንድሮ ቀድሞ ገብቷል፤ በሩን ሲያንገጫግጨው ይውላል፣ እኔንም እንደ በሩ ያደርገኛል። እንዳልደውልልህ አንተ ስልክ ላይ «እ» ትልና «እሺ» ብለህ ትዘጋለህ። ደብዳቤ ግን አይዘጋም። ልትቀደው ብታስብ እንኳ መጀመሪያ «ምን አለች ደግሞ ያቺ ምላሰኛ» ብለህ ታነበዋለህ። አውቅሃለሁ።

ነገሩን ከሥሩ ልንገርህ። ባለፈው ወር ቀበሌ ወረቀት ለጠፈ። የባሕር ዳርቻው መንገድ ሊሰፋ ነው፤ በሸውሸዌው ጫካ፣ አሸዋው ላይ ያሉት አርባ አንድ መቃብሮች እስከ ሦስተኛው ወር ዘጠነኛ ቀን ድረስ ይነሱ ተባለ። መንደሩ ታመሰ። አጥንት ያለው ሰው ብዙም አልቸገረው፤ ፀሐይ እንዳያየው ሸራ ወጥሮ ቆፈረ፣ አጥንቱን በሩዝ አረቄ አጠበ፣ በትንሿ የሸክላ ሣጥን ከራስ እስከ እግር ደርድሮ ወደ አዲሱ መቃብር ወሰደ። የቸገረው እኛን ነው። የአባዬ የነፋስ መቃብር ነው፤ ሬሳው ስላልተገኘ የተቀበረው ከጭቃ የተሠራ ሰው ነው፣ አጥንት የለውም። መምህር ሎክን ጠራሁት። አባቱ ያኔ ለአባዬ ሥርዓቱን የፈጸሙለት፣ እሱም ዛሬ የመንደሩን ሙታን የሚያስተናግደው ሎክ ነው።

«ስሚ ታም፣» አለኝ፣ «ጭቃ አጥንት አይደለም። ባሕር የበላው ሰው የሚዛወረው ነፍሱ ነው። አዲስ ጭቃ እናቦካለን፣ የሐር ትል ቅጠሉን ከሚበላው ዛፍ አዲስ አጥንት እንቆርጥለታለን፣ ነፍሱን ጠርተን አዲሱ ቤቱ እናስገባዋለን። አሮጌው ጭቃ ያለቀ ልብስ ማለት ነው። እዚያው ይተዋል።»

«በቃ? አይቆፈርም?»

«ምኑ ይቆፈራል? ነፋስ?»

ይህንኑ ለልጅህ ነገርኳት፤ ላንተ እንድታደርስ። በማግስቱ ደወለች። «አክስቴ፣ አባቴ ‹ጭቃውን እንዳትተዉት፣ በእጃችሁ ቆፍራችሁ አውጡት› ይላል» አለችኝ። «ይመጣል ወይ?» ብላት ወሬ ቀየረች።

እውነቱን ልንገርህ? ደሜ ነው የፈላው። አክስታችን ሉዋ ያን አፏን የሚያቀላውን ቅጠሏን እያኘከች በሩ ላይ ተቀምጣ ነበር፤ ሰማንያ ሁለት ዓመቷ ነው፣ ምላሷ ግን ገና ሃያም አልሞላው። «ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ለአባቱ ሙት ዓመት አንድ እጅ ሙዝ ያልላከ ሰው፣» አለች፣ «ዛሬ ከደቡብ፣ ከቩንግ ታው ሆኖ ጭቃ ያዘናል! የኔ ጌታ፣ አካፋውንም በፖስታ ይላክልን!» እኔ ብሼ አረፍኩ። «ከፈለገ መጥቶ ያውጣው» አልኩ። ከዚያ ቀበሌ ሄጄ «መቃብሩ ባዶ ነው» በሚለው ወረቀት ላይ ፈረምኩ። ወሩ በገባ በሰባተኛው ቀን ነፍሱን ጠራን፣ አዲሱን ጭቃ ቀበርን፣ ዶሮ በላን። አሮጌውን ዞር ብዬም አላየሁት።

አሁን ተነሥቼ ውሃ ጠጥቼ መጣሁ።

ጋሼ፣ አንተ ስለዚያች ቀን ምንም ብለህ አታውቅም፣ እኔም ብዬ አላውቅም። ዛሬ ግን እላታለሁ። ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት፣ በአባዬ ሙት ዓመት፣ ቤቱ ሞልቶ ነበር። ጀልበኞቹ ጠጥተዋል፤ አንዱ እንደ ልማዱ አባዬ በጦርነቱ ጊዜ ወታደሮች ወዳሉበት ደሴት ሩዝና ጥይት ሲያመላልስ እንዴት ባሕር እንደበላው ይተርካል። አንተ አንገትህን ደፍተህ «እንደዚያ አልነበረም» አልክ። በቃ፣ ሁለት ቃል። እኔ የሩዙን ሳህን ይዤ ከኋላህ ቆሜአለሁ። ምን ነካኝ? እስከ ዛሬ አላውቅም። «አንተ ደግሞ ምን ታውቃለህ! ጸጉርህ እንኳ ሳይረጥብ የተመለስክ!» አልኩህ፤ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት።

መብያ እንጨቶችህን ሳህኑ ላይ እኩል አድርገህ አስቀመጥክ። አፍህን ጠረግህ። እማዬን ጉንጯን ሳምክና ወደ አውቶቡሱ ሄድክ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ። እኔ አፋፉ ላይ ቆሜ ስትሄድ አየሁህ፣ ሮጬ ግን አልያዝኩህም።

ያቺ ቃል የኔ ብቻ አልነበረችም፤ መንደሩ ሲያኝካት ነው የኖረው። አንተ አሥራ አምስት፣ እኔ ስምንት ዓመቴ ነበር። ሁላችንም ዋሻ ውስጥ ነበርን፤ ከላይ ቦምብ፣ ከሥር እኛ። አንተና አባዬ ሁለታችሁ በጀልባ ወጣችሁ። በዘጠነኛው ቀን የሌላ ሰው ጀልባ አንተን ብቻ ይዞ መጣ። ልብስህ ደረቅ ነው፤ ራስህ ደግሞ ተላጭቷል። እማዬ መላጣህን እየዳበሰች «ምነው ጸጉርህ?» ስትልህ «ቅማል» አልካት። «አባትህስ?» ስትልህ «ባሕር» አልክ። ከዚያ በኋላ ሆድ ይፍጀው ብለህ አፍህን ዘጋህ። ሰው ደግሞ ዝም ያለን ሰው አይምርም። «ልጁ አባቱን ለቆ ነው የተረፈው» አሉ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ሲሉ ውሸታቸውን ነው፤ አንተ ሁሉንም ሰምተሃል። ለዚህ ነው ጦርነቱ እንዳለቀ ወደ ደቡብ የሄድከው። እኔም፣ ያንተው እህት፣ አምኛቸው ኖሬአለሁ።

የባሰውን ልንገርህ። ሥራዬን ታውቃለህ፤ ለጉብኝት የሚመጡ እንግዶችን ዋሻው ውስጥ አስገባለሁ፣ ባሕሩ ረጋ ሲል ደሴቱ ድረስ እወስዳቸዋለሁ። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ፣ በየቀኑ፣ ዋሻው አፍ ላይ ቆሜ ስለ አባዬ ተናግሬአለሁ። አንድም ቀን ስምህን አላነሣሁም። «አባቴ ብቻውን ቀዘፈ» እላለሁ። ብቻውን! እንግዶቹ ያለቅሳሉ፣ እኔም ትንሽ አለቅሳለሁ፣ ከዚያ ውሃና ባርኔጣ እሸጥላቸዋለሁ።

ትናንት፣ በዘጠነኛው ቀን፣ አሥራ አንድ ሽማግሌዎች ደሴቱን እናያለን ብለው ከሰሜን መጡ። ያኔ ደሴቱን ሲጠብቁ የነበሩ ወታደሮች ናቸው። ባሕሩ ጥቂት ይንጣል፤ ግማሾቹ በላስቲክ ውስጥ ፊታቸውን ቀብረው ነው የደረሱት። አንዱ ብቻ፣ ክዋት የሚባል፣ ከግራ እጁ ሁለት ጣት የጎደለው፣ ጭራሽ ያሾፍባቸዋል። «በጥይት ያልሞታችሁ በትውከት ልትሞቱ ነው! ለልጆቻችሁ ምን ብዬ ልንገር?» ይላል።

ደሴቱን አሁን ብታየው አታውቀውም ጋሼ። አባዬ «እንደ መላጣ ራስ ነው» ይለው የነበረው ቦታ ደን ሆኗል። ከመንገዱ ወጥቶ መሄድ ክልክል ነው፣ ኮራል መንካት ክልክል ነው፣ ሐምራዊዎቹ ሸርጣኖች ደግሞ ባለሥልጣን ሆነው መንገዱን በእርጋታ ያቋርጣሉ። ጥበቃው «እንዳትነኩ!» ሲል ክዋት በሳቅ ሞተ። «ያኔ እኮ እነዚህን ጠብሰን ነው የኖርነው! አያቶቻቸውን በላን፣ እነሱ ዛሬ ዘበኛ ቀጠሩብን» አለ።

ኮረብታው ላይ ስንወጣ፣ ከጠመንጃ ምሽጉ አጠገብ፣ የዘወትሩን ጀመርኩ። «አባቴ ከዚያ ማዶ ተነሥቶ ብቻውን ሲቀዝፍ፣ እዚህ ሳይደርስ ባሕር በላው። ሬሳው አልተገኘም…»

«ልጄ፣» አለ ክዋት፣ «የአባትሽ ስም ማን ነበር?»

«ቦን።»

«ቦን። ገና በአርባው ጭው ብሎ የሸበተ፣ ሲስቅ ዐይኑ የሚጠፋ?»

 ምሽጉን ደገፍ አልኩ።

«እንግዲያው የምትናገሪው ውሸት ነው» አለኝ። «ልሰድብሽ አይደለም፣ አትቀየሚኝ። አባትሽ እዚህ ደርሷል። ብቻውንም አልነበረም። ልጅ ነበር አብሮት። ጀልባዋ የተመታችው እዚያ ጋ ነው፣ ያ ዐለት ይታይሻል? ልጁ አባቱን ጎትቶ አመጣው። የሸሚዙን ኮሌታ በጥርሱ ነክሶ ነው የዋኘው። ስናገኘው ጥርሱ አልላቀቅ ብሎን በማንኪያ ነው የከፈትነው። አባትየው ግን አልቋል።»

ሽማግሌዎቹ ሁሉ ወደ ዐለቱ ዞሩ። አንዱ ባርኔጣውን አወለቀ። እኔ «ከዚያስ?» አልኩ።

«ከዚያማ ቀበርነው። ባንግ ከሚባለው ዛፍ ሥር፣ ጥላ ያለበት ያ ብቻ ነበር። በአራተኛው ቀን አውሮፕላን መጣ። ሲያልፍ ከጉድጓድ ወጣን፣ ዛፉ የለም፤ መቃብሩም የለም። ልጁንም አጣነው። ስንፈልገው ቦምቡ የቆፈረው ጉድጓድ ውስጥ ተንበርክኮ ይለቅማል። አለቃችን ‹ግባ፣ ተመልሰው ይመጣሉ!› ቢለው የሚሰማ የለም። ሲመሽ ወጣ። ያገኘውን በመድኃኒት ቆርቆሮ ከቶታል። እፍኝም አይሞላ ልጄ… እፍኝም አይሞላ።»

«ለምን ለእናቴ አልነገራትም?» ጮህኩበት ጋሼ። ሽማግሌውን ጮህኩበት።

«እኔም ጠይቄዋለሁ። እኩያዬ ነበር ማለት ይቻላል፣ በአራት ዓመት ነው የምበልጠው። ምን እንዳለኝ ልንገርሽ? ‹እናቴ ባሕር በላው ብላ ታልቅስ። ባሕር ሰውን ሙሉውን ነው የሚወስደው› አለኝ።»

ከዚያ በኋላ የተናገረውን አልሰማሁም። ዐይኔ ላይ የመጣው ዋሻው ነው። የመምህር ሎክ አባት የአባዬን ጭቃ ሲያቦኩ፣ ያን ከዋሻው የወጣውን ቀይ አፈር፣ አንተ «ደረቱን እኔ ልሥራ» ብለህ ተንበረከክህ። እስከ ክርንህ ጭቃው ውስጥ ገባህ። «በቃህ» ቢሉህ አትነሣም፤ ሁለት ሰው ነው ጎትቶ ያነሣህ። «ልጁ ጨርቁን ጣለ» አሉ። እማዬ «ተዉት፣ አባቱን እያቀፈ ነው» አለች። የምስኪን እናት ነገር፣ ሳታውቅ አውቃለች! በኋላም መቃብሩ ጋ በሄድን ቁጥር ሁላችንም ዕጣኑን ከራስጌው ስንተክል፣ አንተ ብቻ መሐሉ ላይ መዳፍህን ታሳርፍ ነበር። እኔ ሥርዓት የማታውቅ እየመሰለኝ እናደድብህ ነበር።

ጭቃውን አትተዉት አልክ። በእጃችሁ አውጡት አልክ። እኔ ደግሞ ባዶ ነው ብዬ ፈረምኩ።

ወደ ጀልባው እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም። ካፒቴኑን «አሁኑኑ እንመለስ» አልኩት። «እንግዶቹ ምሳ አልበሉም!» አለኝ። ክዋት «እኛ እዚህ ሸርጣን ስንጠብቅ እናድራለን፣ ተመልሰህ ትወስደናለህ። ሴትዮዋን አድርሳት!» ብሎ ገሠጸው። አንድ ሰዓት ተኩል ሙሉ ጀልባዋ ላይ ቆሜ ሄድኩ፤ መቀመጥ አልቻልኩም። መጀመሪያ ስልክ አይሠራም። የባሕር ዳርቻው ዛፍ መታየት ሲጀምር ጮኸ፤ አክስቴ ሉዋ ናት።

«ታም! የት ነሽ? መቃብሩ ሁሉ ተነሥቷል ብለው ዶዘሩ ዛሬውኑ ገባ! ሸውሸዌው እንደ ሰንበሌጥ ሲወድቅ እያየሁ ነው።»

«አክስቴ፣ አስቁሚው! የአባዬን እንዳይነካ!»

«ምኑን? ጭቃውን? አብደሻል እንዴ?»

«አክስቴ፣ በሞተው ወንድምሽ! ተኚበትም ቢሆን አስቁሚው!»

የሰማንያ ሁለት ዓመት አሮጊት ስደርስ ምን እያደረገች ነበር መሰለህ? አሸዋው ላይ በርጩማዋን አስቀምጣ፣ ዶዘሩ ፊት ቁጭ ብላ ቅጠሏን ታኝካለች። ሾፌሩ ልጅ እግር ነው፣ ራሱን ይዟል። እኔ እየሮጥኩ ስመጣ ሲያይ «ሌላ መጣች!» ብሎ ጮኸ። «እማማ፣ ዞር በሉልኝ! ወረቀት አለኝ!»

«እኔም አባት አለኝ!» አልኩት።

«ባዶ ነው ተብሎ ተፈርሟል እኮ!»

«የፈረምኩት እኔ ነኝ! ተሳስቼ ነው!»

አየኝ፣ አክስቴን አያት፣ ሞተሩን አጠፋ። «ሁለት ሲጋራ ላጭስ» አለ። «ከዚያ በኋላ አላውቃችሁም።» እግዜር ይስጠው፣ አምስት አጨሰ፤ በስድስተኛው ላይ አካፋ ይዞ መጥቶ አብሮን ቆፈረ።

ጋሼ፣ ደርሼበታለሁ ብዬ ልዋሽህ አልችልም። ሙሉውን አልደረስኩበትም። ማሽኑ አንድ ጊዜ አልፎበት ነበር። ራሱና ትከሻው ከአሸዋው ጋር ተደባልቆ ወደ ጎን ተገፍቷል። ነጩ አሸዋ ላይ ቀዩ አፈር ተበትኖ ሳየው ተንበረከክኩ፤ አንተ ያኔ ያየኸውን እኔም አየሁት። ደረቱ ግን ነበር። ሃምሳ ዓመት ሙሉ እንዳለ ነበር፣ እንደ ጡብ ደርቆ። ሸራ ስላልነበረን አክስቴ ሉዋ ከላይ የደረበችውን ቀሚሷን አውልቃ ዘርግታ ፀሐዩን ከለለችልኝ። «አባዬ ይቅር በለኝ፣ አባዬ ይቅር በለኝ» እያልኩ በእጄ ፈለፈልኩት።

ቆርቆሮው መሐል ላይ ነበር። መዳፍህን የምታሳርፍበት ቦታ ላይ።

ዝገት በልቶት ክዳኑ እንደ ብስኩት እጄ ላይ ተፈረፈረ። ውስጡ በፓራሹት ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አለ። አራት ትንንሽ አጥንቶች ናቸው። አንዱ የጣት ይመስለኛል፤ አንተ ታውቃለህ። ከነሱ ጋር ደግሞ በመረብ ክር የታሰረ ጸጉር አለ። ጥቁር፣ ወፍራም፣ አንድ እጅ ሙሉ የሚሆን ጸጉር።

አክስቴ ሉዋ ማኘኳን አቆመች። እሷ ማኘክ ስታቆም አይቼ አላውቅም። ጸጉሩን በሁለት ጣቷ አነሣችው። «ይሄ የወንድሜ አይደለም» አለች ቀስ ብላ። «ወንድሜ ነጭ ራስ ነበር።»

ያኔ ነው የገባኝ። ቅማል አልነበረም።

አባዬ ብቻውን እንዳይሆን ከራስህ ቆርጠህ ሰጠኸው። ሌላ የምትሰጠው አልነበረህም፤ አሥራ አምስት ዓመትህ ነበር። እኔ ደግሞ በሰው ፊት፣ በዚያው በአባዬ ቀን፣ «ጸጉርህ ሳይረጥብ» አልኩህ። ጋሼ፣ ምላሴን በቆረጠው! አሸዋው ላይ ተቀምጬ ጮህኩ። ሾፌሩ ልጅ ፊቱን ወደ ባሕሩ አዙሮ ቆመ። አክስቴ ሉዋ ደረቷን እየደቃች «ልጄን፣ ልጄን ሙዝ አልላከም አልኩት» ትላለች። ከዚያ ተነሥታ ዶዘሩን በእርግጫ መታችው። ዛሬ እግሯ አብጦ ተኝታለች፤ «ለሂየን እንዳትጽፊለት፣ ይስቅብኛል» ብላኛለች። ጻፍኩ።

እስቲ ደግሞ ልነሣ።

መጣሁ። ምንም አልሆነም፣ ያለበትን አይቼ ነው የመጣሁት። ቆርቆሮውን ከእማዬ ፎቶ አጠገብ ነው ያስቀመጥኩት፣ በነጭ ጨርቅ ሸፍኜ። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት፣ እማዬ ስትሞት፣ የሐዘኑን ነጭ ጨርቅ ራስህ ላይ አሥረህ ሦስት ቀን ቆምክ። በሦስተኛው ቀን ጉድጓድ ውሃው ጋ ጠጋ ብለህ «ታም፣ አንድ ነገር…» ብለህ ነበር። እኔ «እንግዶች እየጠበቁ ነው» ብዬህ ባልዲዬን ይዤ ሄድኩ። ከትናንት ጀምሮ ያ ባልዲ ከእጄ አልወርድ ብሎኛል። እማዬ ከሞተች ምስጢሩ የሚጠብቀው ሰው አልነበረም፤ ልትነግረኝ ነበር። አንተን እንኳ መስማት አቃተኝ፣ ለእንግዳ ግን ቀኑን ሙሉ ስናገር እውላለሁ።

መምህር ሎክ ትናንት ማታውኑ መጣ። ቆርቆሮውን ሲያይ እጁን አጣምሮ ጎንበስ አለ። «እንግዲህ አባታችሁ ከነፋስ ሙታን ወጥቷል» አለ። «አጥንት አለው። አጥንት ያለው ሰው ደግሞ ሥርዓቱ ሌላ ነው። አዲሱ መቃብር ተከፍቶ የኔ ጭቃ ይወጣል፤ አጥንቱ ታጥቦ በሸክላ ሣጥን ይገባል።»

«በል እንግዲያው ነገ እንጠበው» አልኩት፤ ታውቀኛለህ፣ መጠበቅ አልችልም።

«ማን ያጥበዋል?» አለኝ። «የበኩር ልጅ ነው የመጀመሪያውን አረቄ የሚያፈሰው። የበኩር ልጁ በሕይወት እያለ እኔ አልነካም፣ አንቺም አትነኪም። ደግሞስ እሱ አንድ ጊዜ ሰብስቦታል። የጀመረው ይጨርሰው።»

የሸክላ ሣጥኑን ዛሬ ጠዋት ገዝቻለሁ። ትንሿን ነው። ሻጩ «ለሕፃን ነው?» ቢለኝ «አይ፣ ለትልቅ ሰው ነው» አልኩት። አረቄው አለ። ወንዶቹ እንዳይደርሱበት ሩዝ ማስቀመጫው ውስጥ ደብቄዋለሁ።

ይቅርታ መጠየቅ አላውቅበትም፤ እኔ መሳደብ ነው የተማርኩት። እንዲሁ ልበለው፤ በድዬሃለሁ ጋሼ። ሃያ ሁለት ዓመት በዝምታ፣ አሥራ ስምንት ዓመት ደግሞ በወሬ በድዬሃለሁ። ይቅር በለኝ። ይቅር ባትለኝም ና። ለኔ ብለህ አትምጣ፤ ቤቴም አትብላ ከፈለግህ፣ አክስቴ ሉዋ ጋ ብላ። ብቻ ና። እስከ ሃያኛው ቀን እጠብቅሃለሁ። ካልመጣህ ቆርቆሮውን ጭኔ ላይ አድርጌ ባቡር እሳፈራለሁ፤ አንድ ቀን ተኩል ነው መንገዱ። ተቆጣጣሪው «ምንድን ነው የያዝሽው?» ቢለኝ «አባቴን ለወንድሜ እያደረስኩ ነው» እለዋለሁ። ቀልዴን አይደለም።

ነገ ጠዋት እንግዶች አሉኝ። ዋሻው አፍ ላይ ስቆም ምን እንደምል ከትናንት ጀምሮ እለማመደዋለሁ። «ሁለት ሰዎች ነበሩ» ነው የምለው። «አንዱ አባቴ ቦን፣ አንዱ ወንድሜ ሂየን። ወንድሜ አባቴን በጥርሱ ይዞ ደሴቱ አደረሰው።» እስከዚህ ድረስ እላለሁ። የቀረውን ግን ላንተ ነው የምተወው፤ ትናገረው እንደሆነ ራስህ ዋሻው አፍ ላይ ቆመህ ትናገረዋለህ፣ ካልፈለግህም ሆድ ይፍጀው።

ልጅህ «የአባቴ ራስ ነጭ ሆኗል» ትለኛለች። አባዬን መስለሃል ማለት ነው። እንዲያጅበው የሰጠኸው ጸጉር ግን አንዲትም ሳትሸብት እዚህ አለች፤ መጥተህ እያት። ዝናብ ቢይዝህም፣ ፀሐይ ቢመታህም፣ ጸጉርህ ረጥቦም ሆነ ደርቆ፣ ና።

ታናሽህ ታም
በሦስተኛው ወር አሥረኛ ቀን፣ ነፋሱ ገና በሩ ላይ ሳለ